ኮምቦልቻ ላይ ብቻዬን፦ አንድ በራድ ሻይ፣ ሁለት ቅርጫት ዲምሰም

ፍርዴን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ዲምሰም የሚባለውን የቻይና ምግብ የሚሠራ አንድ ትንሽ ቤት አለ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ከሌላው ሁሉ በፊት እዚያ ሂዱ። ከሰው ጋር ከሆናችሁም ሂዱ፣ ግን ይህን የምጽፈው ለከተማው እንግዳ ለሆነና ለብቻው ለሚበላ ሰው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ብዙ ጊዜ ማንም አይጽፍለትም።

ሥራዬ የቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ መመርመር ነው። ከከተማ ከተማ ያዞረኛል። አልጋ እይዛለሁ፣ ፋይል ሳገላብጥ እውላለሁ፣ ሲመሽ ለብቻዬ እበላለሁ። ስለዚህ ምግብ ቤት ስገባ ከጣዕሙ እኩል የማየው ነገር አለ። ብቻውን የመጣ ሰው እንዴት ይስተናገዳል?

አገራችን ላይ ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ገበታችን ለብዙ እጅ የተሠራ ነው። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" እየተባልን ነው ያደግነው። ሰው አጠገባችን ቆሞ ዝም ብለን አንጎርስም፣ ቢያንስ "እንብላ" እንላለን። ይሄን ባህል እወደዋለሁ፣ እንዲቀርም አልፈልግም። ግን መንገደኛ ምን ያድርግ? ማንንም በማያውቅበት ከተማ ይርበዋል፣ መብላት አለበት። ሴት ስትሆን ደግሞ ይብስባታል። ገና በሩ ላይ "ሰው ይመጣል?" ትባላለች። "አይ፣ ብቻዬን ነኝ" ስትል አስተናጋጁ የት እንደሚያስቀምጣት ይጨነቃል። አንድ ከተማ ላይ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ አራት ወንበር ያለው ጠረጴዛ ለአንድ ሰው አንሰጥም ተብዬ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው በያይነቱዬን የበላሁት። በያይነቱውም ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር፣ ግማሹ ተመለሰ፣ ያንንም ያየ ሰው "ምነው አልጣፈጠሽም?" ብሎ ጠየቀኝ።

በዚህ ጉዞ ሥራዬ ደሴ ነበር። ደሴ ላይ ቁርስ ችግር የለም፣ ፒያሳ አካባቢ ፉሉም ጨጨብሳውም ለአንድ ሰው በልኩ ይመጣል፣ ብርዱን ደግሞ ትኩስ ሻይ ይሰብረዋል። ቅዳሜ ሥራ ስለሌለ ሚኒባስ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትወርዱ አየሩ በየመታጠፊያው ይቀየራል። ደሴ ላይ የለበስኩትን ሹራብ ታች ስንደርስ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለኮምቦልቻ አዲስ ነበርኩ። "ምን ይበላል?" ብዬ የጠየቅኳት ደሴ ያለችው የሥራ ባልደረባዬ ናት የዚህን ቤት ነገር የነገረችኝ።

ቻይና ምግብ ኮምቦልቻ ላይ ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ መልሱ ከተማው ውስጥ ነው። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አለ፣ ቢራ ፋብሪካው አለ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ የገነባው የቻይና ተቋራጭ ነው። የውጭ ሠራተኛ ባለበት ካምፕ አለ፣ ካምፕ ባለበት ወጥ ቤት አለ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሽንኩርት የሚከትፉትና ድስት የሚያጥቡት የአካባቢው ሴቶች ናቸው። የዚህ ቤት ባለቤት እንዲህ ከነበሩት አንዷ ናቸው። ካምፑ ውስጥ የነበረው ዋና አብሳይ የጓንግዶንግ ሰው ነበር፣ ዲምሰም የሚባለው ነገር የሚመጣበት የደቡብ ቻይና ክፍለ ሀገር ማለት ነው። እሳቸው ድስት እያጠቡ እጁን ያዩ ነበር። ቆይቶ ቅርጫት አሲያዛቸው፣ ከዚያ ሊጥ። ሥራው አልቆ ሰዎቹ ሲሄዱ ሙያው እሳቸው ጋ ቀረ።

ቤቱ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለውም። በሩ ላይ ቀይ ፋኖስ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ "ሀላል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባጃጅ ነጂውን "የቻይና ምግብ የሚሠሩት ሴትዮ ጋ" በሉት፣ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ገባሁ። አስተናጋጇ ልጅ "ሰው ይመጣል?" አላለችኝም። "እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ፣ መስኮቱ ጋ ይሻልሻል ውስጥ?" ነው ያለችኝ። መስኮቱ ጋ ግድግዳውን ተከትሎ የተሠራ ጠባብ ጣውላ አለ፣ ከፊቱ ረጃጅም በርጩማዎች። እያንዳንዱ ቦታ ለአንድ ሰው ነው። መንገዱን እያያችሁ ትበላላችሁ፣ ከፊታችሁ ባዶ ወንበር የለም። ባዶ ወንበር ምን ያህል እንደሚከብድ ብቻውን የበላ ሰው ያውቀዋል። ባለቤቷን ቆይቼ "እትዬ፣ ይሄን ጣውላ ማን አሰበላችሁ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ፓርኩ የሚሠሩት ልጆች ናቸው እህትየ" አሉኝ። "ከየአገሩ የመጡ ናቸው፣ ቤተሰብ የላቸውም፣ ብቻቸውን መጥተው ጥግ ጥጉን ይፈልጋሉ። ጥግ ከሚፈልጉ መስኮት ልስጣቸው ብዬ ነው።" ይሄን ስሰማ ገና ሳልበላ ቤቱን ወደድኩት።

ዲምሰም ቀምሳችሁ ለማታውቁ ትንሽ ልበል። የጓንግዶንግ ዋና ከተማ የጓንግዙና የሆንግ ኮንግ ሰዎች ከጧት እስከ ቀትር ከሻይ ጋር የሚበሉት፣ አብዛኛው በሊጥ የተጠቀለለ ትንንሽ ምግብ ነው። ክዳን ባላቸው ትናንሽ የቀርከሃ ቅርጫቶች በእንፋሎት ይበስላል፣ በየቅርጫቱ ሦስት ወይም አራት ፍሬ ይኖራል፣ ቅርጫቶቹ ተደራርበው ይመጣሉ። የሚጠበስም የሚጋገርም ዓይነት አለው። አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ በክብ ጠረጴዛ ከቦ አሥር ዓይነት አዝዞ እየተቃመሰ የሚበላው ስለሆነ፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው ይቸገራል። ሁለት ቅርጫት ካዘዘ ስድስት ሰባት ፍሬ በላ ማለት ነው፣ ጠገበ፣ የቀመሰው ግን ሁለት ዓይነት ብቻ።

ግን ሌላም ልማድ አላቸው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ እሱ ነው። ጓንግዙ ላይ ሽማግሌዎች በማለዳ ብቻቸውን ሻይ ቤት ይሄዳሉ። አንድ ሻይና ሁለት ዓይነት ያዝዛሉ፣ ከዚያ አይበልጥም። ጋዜጣቸውን ዘርግተው ረጅም ሰዓት ይቀመጣሉ። ማንም አያስነሳቸውም። ማንም አያዝንላቸውም። ይሄ የቆየ፣ የተከበረ ልማድ ነው። የእኛዋም ባለሙያ ይሄን ከአለቃቸው ሰምተው ነው ዝርዝሩ ላይ "ለአንድ ሰው፦ አንድ በራድ ሻይ፣ ሁለት ቅርጫት" ብለው ያስጻፉት። ከሁለቱ ቅርጫቶች አንዱ ድብልቅ ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ፍሬ፣ ሦስት ዓይነት። እኔ ያዘዝኩት ይሄንን ነው። ለብቻው የሚበላን ሰው ችግር አንድ መስመር ጽሑፍ ፈታው።

ሻዩ ቀድሞ መጣ። ስኳር የሌለው የጃስሚን ሻይ ነው፣ በትንሽ የሸክላ በራድ፣ እጀታ ከሌላት ሲኒ ጋር. ከእኔ ሁለት በርጩማ ራቅ ብሎ አንድ ቻይናዊ ተቀምጦ ነበር። በራዱ ሲያልቅ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አስቀመጠው፣ አልተጣራም፣ አላጨበጨበም። ልጅቷ አይታ ሙቅ ውኃ ጨመረችለት፣ እሱም በሁለት ጣቱ ጠረጴዛውን ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገ። ሻይ ለቀዳ ሰው ምስጋና ነው፣ የደቡብ ቻይናዎች ልማድ። እኔም ክዳኔን ገለጥ አደረግኩ፣ ተጨመረልኝ። ለተጨመረው አያስከፍሉም።

ከዚያ ቅርጫቱ መጣ፣ ልጅቷ ክዳኑን ስታነሳው እንፋሎቱ መስኮቱን አለበሰው።

መጀመሪያ ያነሳሁት ሀር ጋውን ነው። ጓንግዙ ላይ ውስጡ ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሽሪምፕ ከየት ይመጣል? ባለቤቷ በዓሣ ነው የሚሠሩት፣ ከሐይቅ በሚመጣ ቆሮሶ። ሐይቅ ከደሴ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዓሣው ማልዶ ተጭኖ ይደርሳል። አጥንቱ አንድ ሳይቀር ይለቀማል፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት ቅጠልና ከትንሽ የሰሊጥ ዘይት ጋር በቢላ ይከተፋል፣ አይፈጭም። ስትነክሱት የዓሣው ቁራጭ ጥርስ ሥር ይሰማል። ዝንጅብሉ ኋላ ላይ ይመጣል፣ ሽታውን ይወስደዋል፣ ጣዕሙን አይነካውም። የሐይቅ ቆሮሶን ተጠብሶ ብቻ ነው የማውቀው። እንዲህ ለስላሳ መሆን እንደሚችል አላሰብኩም።

ሽፋኑን ደግሞ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የቤቱ ትልቁ ሙያ እዚያ ላይ ነው። ሀር ጋው ሽፋኑ ብርሃን ማሳለፍ አለበት፣ ውስጡ ያለው መታየት አለበት። ተራ የስንዴ ዱቄት እንዲህ አይሆንም፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የሚያስፈልገው የስንዴ ስታርች ነው፣ እሱ ደግሞ ኮምቦልቻ ገበያ ላይ የለም። ታዲያ እሳቸው ራሳቸው ያወጡታል። ዱቄቱን አቡክተው ያሳርፉታል። ከዚያ ሊጡን ውኃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ከተው እያሹ እያሹ ያጥቡታል። ውኃው ይነጣል። እጃቸው ላይ የሚቀረው እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነገር ግሉተኑ ነው፣ እሱም አይጣልም። ነጩ ውኃ ሳፋው ውስጥ ያድራል። ጧት ላይ ውኃው ቀስ ብሎ ይደፋል፣ ከሥር የረጋው ስታርች ይወሰድና ይደርቃል። ጓንግዙ ላይ ከዚህ ጋር የካሳቫ ስታርች ይቀላቀላል፣ እንዳይሰነጠቅ ትንሽ መለጠጥ ይሰጠዋል። እሳቸው በሱ ምትክ የጉራጌ ቡላ ይጨምሩበታል። ሊጡ የሚቦካው በፈላ ውኃ ነው፣ በቀዝቃዛ ውኃ አይያያዝም፣ እጃቸውን እያቃጠላቸው ነው የሚያሹት። ደህና ባለሙያ አንዷ ፍሬ ላይ ቢያንስ 7 እጥፋት ያወጣል ይባላል። የእኔን ቆጠርኩ፣ 9 ነበር። ከእጥፋቱ ሥር ዓሣውም የዝንጅብሉ ክርም ይታይ ነበር። ቡላ ከጉራጌ አገር ወጥቶ፣ ሐይቅ ከመጣ ዓሣ ጋር፣ በጓንግዙ አሠራር ኮምቦልቻ ላይ ሲገናኝ ማየት እኔን በጣም ነው ደስ ያሰኘኝ።

ድብልቁን ስጠይቅ ባለቤቷ አንድ ነገር አስረዱኝ። ሁሉም ዓይነት ከሁሉም ጋር አይደባለቅም። ዓሣው ቶሎ ይበስላል፣ ባው የሚባለው ዳቦው ደግሞ እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ቅርጫት ውስጥ ቢገቡ ወይ ዓሣው ይደርቃል ወይ ዳቦው ጥሬ ይሆናል። ስለዚህ ድብልቁ ውስጥ የሚገቡት ሀር ጋው፣ የአትክልቱና የዶሮው ሲው ማይ ናቸው። ደግሞም እዚህ ከጓንግዙ የበለጠ ደቂቃ ይፈጃል። ጓንግዙ ባሕር ጠለል አጠገብ ናት፣ ውኃ በ100 ዲግሪ ነው የሚፈላው። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ እንፋሎቱም ያን ያህል ነው የሚሞቀው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ቢከፍቱት ከዚያም ይወርዳል፣ ወደ 92። ይሄን አለቃቸው አልነገራቸውም፣ እሱም እዚህ መጥቶ ነው ሊጡ ለምን ጥሬ እንደሚሆንበት የተቸገረው። ተያይዘው ደቂቃ እየጨመሩ ነው የደረሱበት።

የአትክልቱ ለጾም የሚሆን ነው። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ እንጉዳይ፣ ከዚያም ያ ከሊጡ የቀረው ግሉተን ተቆራርጦና ተጠብሶ ይገባበታል። ቻይና ውስጥም ሥጋ የማይበሉ ቡድሂስቶች ግሉተንን በሥጋ ምትክ ይበሉታል። ይታኘካል፣ ውስጡ ሥጋ ያለ ይመስላል። ሽፋኑ ያው የስታርቹ ነው፣ ቅቤም እንቁላልም የለበትም። ረቡዕና ዓርብ ቤቱ በዚህ ነው የሚሞላው አሉኝ። ሲው ማይ ግን ጾም ላይ አይሆንም፣ ሥጋ ቢወጣለት እንኳ ቢጫው ሽፋን እንቁላል አለበት። የምትጾሙ ሰዎች ይሄን ያዙ፣ ስታዝዙም "የጾም" ብላችሁ ተናገሩ፣ የጾሙን በሌላ ቅርጫት ያበስሉላችኋል።

ወሎ ላይ ምግብ ቤት ሲነሳ የማይቀር ሌላ ጥያቄ አለ፤ ሥጋው የማን ነው? እዚህ ሥጋው የእስላም ነው። በአሳማ የሚሠራ ምንም ነገር የለም፣ ጓንግዙ ላይ ግን ሲው ማይም ባውም በአብዛኛው በአሳማ ነው የሚሠሩት። እኔ ሙስሊም ስለሆንኩ ሁሉንም በልቻለሁ። ክርስቲያን ከሆናችሁና የእስላም ሥጋ የማትበሉ ከሆነ ዓሣውና አትክልቱ አለላችሁ። ዓሣ አይታረድ፣ የማንም አይደለም፣ ሁሉም ይበላዋል። ባለቤቷ ዓሣውን ዋና ያደረጉት አስበውበት ነው። "አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም እንዲቀመጡ ነው" አሉኝ። ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም የሚወልድበት አገር ነው፣ ይሄን የሚረዳ ወጥ ቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ሲው ማይ በዶሮና በእንጉዳይ ነው የሚሠራው፣ አናቱ ክፍት ነው። እውነቱን ለመናገር ደርቋል። የዶሮው ደረት ብቻ ይመስለኛል የገባበት፣ ስብ የለውም። ጭኑን ቢቀላቅሉበት ይሻል ነበር፣ ይሄን ለባለቤቷም ነግሬአቸዋለሁ፣ "እሞክረዋለሁ" ብለውኛል። ባው ሁለተኛ ቅርጫቴ ነበር። ዳቦው ህብስት ነው በሉት፣ በእንፋሎት የበሰለ፣ ነጭ፣ አናቱ ተሰንጥቆ የተከፈተ። ዳቦው ላይ ምንም አልልም፣ እጅግ ጥሩ ነው። ውስጡ ያለው የበሬ ሥጋ ግን ጣፋጭ ነው፣ በስኳርና በሶያ ሶስ የተሠራ። ጓንግዙም እንዲሁ ጣፋጭ ነው የሚሠሩት፣ ስህተት አይደለም፣ ግን እዚህ ስኳሩ በዝቷል፣ ሥጋው ደግሞ አንሷል። ሦስቱን አልጨረስኩም። አንዱን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፣ ማታ ደሴ አልጋ ክፍሌ ውስጥ በሻይ በላሁት፣ ቀዝቅዞ እንደውም ተሻለ።

ማጣፈጫ ሦስት ዓይነት ያቀርባሉ። ሶያ ሶስ ከዝንጅብል ጋር፣ በዘይት የተቁላላ በርበሬ፣ ደግሞ አዋዜ። አዋዜውን ዓሣው ላይ አታድርጉት። ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ቀጭን ጣዕም፣ በአንድ ጠብታ ይጠፋል። ለሲው ማዩ ግን ይሆናል፣ ድርቀቱን ይክሳል። የሰሊጡ ዘይት ልዩ ነው፣ ትኩስ ነው። ከሁመራና ከመተማ የሚወጣው ሰሊጥ ብዙው ወደ ቻይና ነው የሚጫነው፣ እኛ ወጥ ቤት ግን ዘይቱ ብዙም አይታወቅም። እዚህ ስቀምሰው ለምን እንደማንጠቀምበት ራሴን ጠየቅኩ።

እየበላሁ ሳለ አጠገቤ ያለው በርጩማ ላይ አንድ ሽማግሌ መጥተው ተቀመጡ፣ ጋቢ ለብሰዋል፣ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ብቻቸውን ናቸው። የአትክልቱንና የዓሣውን አዘዙ። ቅርጫታቸው ሲመጣ ወደ እኔ ዞረው "እንብላ ልጄ" አሉ። "ይብሉ አባባ፣ ቀድሜዎት በላሁ" አልኩ። "ይሄማ አይሆንም" አሉና በእጃቸው አንድ ሀር ጋው አንስተው፣ በቻይናዎቹ መብያ እንጨት አይደለም፣ በእጃቸው፣ ወደ አፌ አመጡት። ጎረስኩ። ለመመለስ ስዘጋጅ "አንድማ ያጣላል" ብለው ሁለተኛ ደገሙኝ። እኔም ከድብልቄ የአትክልቷን ፍሬ ቆርሼ አጎረስኳቸው። ባሌ፣ ልጆቼ፣ የመጣሁበት አገር፣ ምንም አልጠየቁኝም። ስለ ዓሣው ነው ያወራነው። ልጃቸው ፓርኩ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፣ እሷ ናት ያስለመደቻቸው፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ፈረቃ ስትገባ እሳቸው እዚህ ይጠብቋታል። ከሦስት ፍሬ ሁለቱን ለእኔ ስለሰጡ ልጅቷን ጠርቼ በእኔ ሂሳብ አንድ ቅርጫት አስጨመርኩላቸው። ተቆጡኝ፣ ግን በሉ።

ብቻ መብላትና አብሮ መብላት ተቃራኒ ነገሮች ናቸው ብዬ አላምንም። ብቻውን የገባ ሰው ብቻውን እንዲሆን ቦታ ሲሰጠው፣ ካሻው ደግሞ ጎረቤቱ ሊያጎርሰው ሲችል፣ እንዲህ ያለ ቤት ነው የምፈልገው። ጣውላው ጠባብ መሆኑ፣ በርጩማዎቹ መቀራረባቸው፣ ቅርጫቱ ትንሽ መሆኑ ለሁለቱም ይመቻል። ጥግ ላይ ያለ ባለ አራት ወንበር ጠረጴዛ ለሁለቱም አይመችም።

ጉድለቶቹን ሳልደብቅ ልናገር። ዝርዝሩ ላይ ብዙ የተጻፈ ነገር አለ፣ የሌለም ብዙ ነው። የሰሊጥ ኳስ አዘዝኩ፣ "አልቋል"። የሩዝ ጥቅል አዘዝኩ፣ "ዛሬ የለም"። ኋላ ስጠይቅ ለሰሊጥ ኳሱ የሚሆነው የሚያጣብቀው የሩዝ ዱቄት ከአዲስ አበባ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው የሚገኘው። እንዲህ ከሆነ ከዝርዝሩ ላይ ይሰረዝ፣ ወይም በተገኘ ቀን ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። የዶሮ እግርም ተጽፏል፣ እሱ ቀድመው ለሚያዙ ቻይናዊ ደንበኞች ነው የሚሠራው፣ አልቀመስኩትም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወደ ከሰል ይዞራሉ፣ ያኔ ቅርጫት እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ይጠበቃል፣ እኔም እዚያ እያለሁ ጠፍቶ ሁለተኛው ቅርጫቴ በጣም ዘግይቷል። ልጅቷ መጥታ "አብሽሪ፣ እየደረሰ ነው" ብላ ሻይ ጨመረችልኝ፣ መጥታ መናገሯ ጥሩ ነው፣ ብዙ ቦታ የሚናገር የለም። እጅ መታጠቢያው ላይ ግን ሳሙና አልነበረም፣ በእጅ የሚበላበት ቤት ይሄ ሊሆን አይገባም። ሙዚቃውም ከፍ ይላል፣ በተለይ ከ4 ሰዓት በኋላ።

ዋጋው እኔ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጫት 180 ብር፣ ድብልቅ 200፣ በራድ ሻይ 60 ነበር። ለአንድ ሰው ሻይና ሁለት ቅርጫት 440 ብር ወጣ። ርካሽ አይደለም፣ ግን አጥንት ተለቅሞ፣ ስታርች አድሮ፣ እጥፋት ተቆጥሮ ለሚሠራ ነገር ፍትሐዊ ነው እላለሁ። ለዓሣው ብቻ ብዙም እከፍል ነበር።

ስትሄዱ ማልዳችሁ ሂዱ። ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ይከፍታሉ፣ ዓሣው 4 ሰዓት አካባቢ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ሥጋና አትክልት ብቻ ነው የምታገኙት። ሰኞ ዝግ ነው። ሁለት ድብልቅ አታዝዙ፣ አንዱን ድብልቅ ሌላውን ሙሉ ሀር ጋው አድርጉት፣ ባውን ለመቅመስ ከፈለጋችሁ አንድ ፍሬ ብቻ ለይተው ይሰጣሉ፣ ጠይቁ። እንጨቱ ካስቸገራችሁ በእጅ ብሉ፣ ማንም አያያችሁም። ከደሴ የምትወርዱ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሚኒባሶች ያዙ። የባንክ ካርድ አይቀበሉም፣ ቴሌብር ግን ይሠራል።